ስምንት ማክሰኞ በዝምታ፦ የከዚራው የተመስጦ ሥልጠና ሲገመገም

ድሬዳዋ ውስጥ ለዝምታ ገንዘብ መክፈል ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቅን ዘግቶ ውኃ በተረጨበት ግቢ ውስጥ ጋደም ማለት፣ የሚቅምም ከሆነ በርጫውን ይዞ እስከ አሥር ሰዓት ከሐሳቡ ጋር መቀመጥ የከተማው የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ «ተመስጦ የሚያስተምር ቤት ከዚራ ሰፈር ተከፈተ» የሚለውን ወሬ መጀመሪያ የሰማሁት በፌዝ ነበር። ሆኖም መጋቢት አጋማሽ ላይ በስልኬ የደረሰኝ ማስታወቂያ «ዘመን ሲለዋወጥ የውስጥ መሪዎን ያግኙ፤ ተስፋዎን ያድሱ» ይል ነበርና፣ እኔም መሪም ተስፋም ያጠረኝ ወቅት ስለነበር፣ ለስምንት ሳምንት የተጠየቀውን 2,400 ብር በቴሌብር ከፍዬ ተመዘገብኩ። ለገንዘቤና ለጊዜዬ ምን እንዳገኘሁ፣ ምን እንደጎደለኝም ለመመዝገብ ለሚያስብ ሰው ለመንገር ይህን ጽፌአለሁ።

ምን ይዤ እንደሄድኩ ካልተናገርኩ ግምገማው ትርጉም አይኖረውም። ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ የቤት ዕቃ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ የሸጥኩትን ዕቃ በሸጥኩበት ገንዘብ መልሼ መተካት እያቃተኝ መደርደሪያው በየወሩ እየሳሳ ሄዷል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ «ሱቁን ዝጋና ና፣ አብረን እንሥራ» ትለኛለች፤ ባለቤቴ «አንተ እንደመሰለህ» ብላ ነገሩን መልሳ ለእኔው ትተወዋለች፤ እኔ ደግሞ ሌሊት ጣራ ጣራ እያየሁ ድስትና ሰሐን እቆጥራለሁ። «የውስጥ መሪ» የሚለው ቃል የያዘኝ እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለሁ ነው።

ቤቱ በሩ ላይ ሰሌዳ የለውም፤ የባጃጁን ሾፌር «ከድሮው ምድር ባቡር ጣቢያ ዝቅ ብሎ፣ አረንጓዴ የብረት በር» ካላሉት አይደርሱም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ አብሮ የተቀየሰው ይህ ሰፈር፣ መንገዱ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል፣ ጥላውም ከሌላው የከተማው ክፍል የወፈረ ስለሆነ፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ መመረጡ አያስገርምም። ቤቱ ራሱ የባቡር ዘመን ቤት ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ፣ ግቢው መካከል ደግሞ አንድ ትልቅ የድሬዳዋ ዛፍ ሚያዝያ ሲገባ ቀይ አበባውን ያራግፍበታል። የክፍሉ ዝግጅት ግን ከግቢው ውበት ጋር አይመጣጠንም። አሥራ አራት ሰዎች በሰሌን ላይ በተዘረጉ ቀጫጭን ፍራሾች እንቀመጣለን፤ ከራሳችን በላይ የሚዞረው ቬንትሌተር አንዱ ክንፉ ስለተጣመመ በየዙሩ «ቀጭ» ይላል፤ ይህንንም ስምንት ሳምንት ሙሉ የሠራው የለም። ሁለት ጊዜ መብራት ሄዶ ድምፁ ሲቋረጥ ለአፍታ ደስ ቢለንም፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ላብ ከአንገታችን ይወርድ ጀመር።

አሠልጣኟ በጡረታ የወጡ ነርስ ሲሆኑ ሁላችንም «ሲስተር» እንላቸዋለን። እርሳቸው ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም «እርስዎ» ነው የሚሉት። ሽማግሌውንም ሹሙንም «አንተ» ማለት ለለመድን ለድሬ ሰዎች የመጀመሪያው ፈተና ይህ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት «አቦ ሲስተር፣ እርስዎ ሲሉኝ የታመምኩ ይመስለኛል» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞልቶታል። ሴትዮዋ የሚያውቁትን ከየት እንዳገኙት አይደብቁም። የስምንቱን ሳምንት አካሄድ ጆን ካባት ዚን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ጀምሮት በኋላ በብዙ አገር ከተስፋፋው ሥልጠና እንደወሰዱት፣ የትንፋሹ ልምምድም ሥሩ የቡድሂዝም እምነት እንደሆነ በመጀመሪያው ምሽት ነግረውናል። አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት «ታዲያ ከጾሜና ከጸሎቴ ጋር አይጋጭብኝም?» ብለው ሲጠይቁ፣ «ጸሎትዎን አልነካም፤ እኔ የማስተምረው መቀመጥን ነው» የሚል መልስ ሰጧቸው።

መልሱ ጨዋ ነው፤ ሙሉ ግን አይመስለኝም። ሱባኤ የገባ ሰው ዝም የሚለው የሚሰማው አምላክ አለ ብሎ ነው፤ ሐረር ጁገል ውስጥ ዚክር ላይ የተቀመጠም የሚያወሳው ስም አለው። ከዚራ የሚሰጠው ልምምድ ማንንም አይጠራም፤ ትንፋሽ ይቆጥራል፣ ያንኑ መልሶ ይቆጥራል። ይህ ነውር ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን በእምነቱ ውስጥ የቆየ የጽሞና ልማድ ያለው ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ከመጣ ወይ ቅር ይለዋል ወይ ይደናገራል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ከምዝገባ በፊት በግልጽ ቢነገር ይሻላል እላለሁ።

ልምምዱ ሲነገር ቀላል ነው። ጀርባን ቀጥ አድርጎ መቀመጥ፣ የሚወጣውን ትንፋሽ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር፣ ሐሳብ ነጥቆ ከወሰደም ያለ ቁጣ እንደገና ከአንድ መጀመር ነው፤ ለሃያ ደቂቃ። በመጀመሪያው ምሽት ከአራት ያለፍኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ሦስት ላይ ስደርስ አንድ ደንበኛ በዱቤ የወሰደው የሻይ ጀበና ትዝ ይለኛል፤ አራት ላይ የሱቁ ኪራይ ይመጣል። በሁለተኛው ሳምንት የባሰ ነገር ገጠመኝ፦ ሳላስበው ሃያ ሦስት ደርሼ ነቃሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ዕቃ ስቆጥር የኖርኩ በመሆኔ፣ አፌ ቁጥሩን ያለ እኔ ያስኬደው ነበር፤ ትንፋሼማ ከተረሳ ቆይቷል። ይህን ለሲስተር በኃፍረት ስነግራቸው ከሳቁ በኋላ፣ «እስካሁን ስንት ጊዜ ወደ አንድ ተመለሱ?» ብለው ጠየቁኝ። ምናልባት ሠላሳ ጊዜ ይሆናል አልኳቸው። «እንግዲያው ሠላሳ ጊዜ ሠርተዋል» አሉኝ። ከዚያ ምሽት በኋላ መሳሳቴ ማናደዱን ተወ፤ ለዚህ አንድ ምክር ብቻ ከከፈልኩት ውስጥ ጥቂቱን በደስታ እመርቅላቸዋለሁ።

ሥልጠናው ማክሰኞ ማክሰኞ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ስለሆነ፣ በመካከሉ 12 ሰዓት ከሃያ ገደማ ላይ የመግሪብ አዛን ይሰማል፤ መጀመሪያ ከአንዱ መስጊድ፣ ከዚያ ከሌላው፣ በኋላም ከሁሉም በአንድነት። ሲስተር ልምምዱን አያቋርጡም፤ «ድምፁን ይስሙት፣ ስም ግን አይስጡት» ይላሉ። ይህ ለቬንትሌተሩ ድምፅ ጥሩ መመሪያ ሆኖ ሳለ፣ ከተማሪዎቹ አንዱ በሁለተኛው ሳምንት እጁን አንሥቶ «ሲስተር፣ እኔ ስም አልሰጠውም ብዬ አልችልም፤ እየጠራኝ እኮ ነው» አላቸው። ሲስተርም ጥቂት አሰቡና «ልክ ነዎት፤ ይሂዱ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰዎች በዚያ ሰዓት ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በእግር ጣታቸው ወደ በረንዳው ይወጣሉ፣ ሰግደውም ይመለሳሉ፤ እኛም ሳንጨነቅ እንቀጥላለን። ስምንቱን ሳምንት ሳስባቸው ደጋግሞ የሚመጣብኝ አዛኑ ካበቃ በኋላ የሚቆየው ያ አጭር ጸጥታና ከበረንዳው የሚሰማው የጨርቅ ሹክሹክታ ነው።

ከባዱ ጉድለት የታየው በአምስተኛው ሳምንት ነው። ዓይናችንን ጨፍነን ሳለን የበልግ ዝናብ በድንገት ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ሌላ ከተማ ቢሆን ዝናብ ለተመስጦ የሚመች ድምፅ ይባል ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ ግን ከሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ የነበረውን ሌሊት የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ዝናብ ሲሰማ ጆሮውን ወደ ወንዙ ያዞራል፤ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው ደቻቱ በዚያ ሌሊት በደጋው ላይ የጣለውን ዝናብ ይዞ መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ወስዷል። ከመካከላችን አንዲት ሴት ትንፋሿ እየቆራረጠ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሲስተር የነርስነት ዘመናቸው ወዲያው ታየ፦ ሳይሯሯጡ አጠገቧ ቁጭ አሉ፣ ዓይኗን እንድትገልጥ አደረጉ፣ ባዶ እግሯን ከሰሌኑ አውርደው ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አስረገጧት፣ ከዚያ በክፍሉ ውስጥ የምታየውን ነገር አንድ በአንድ በስሙ እንድትጠራ አደረጓት። «በር፣ መስኮት፣ ትራስ፣ የእርስዎ መነጽር» እያለች ቀስ በቀስ ተረጋጋች።

ሲስተር በዚያች ሰዓት የሠሩትን የማደንቀውን ያህል፣ ነገሩ እዚያ መድረስ አልነበረበትም ብዬ አምናለሁ። ስንመዘገብ የተጠየቅነው ስማችንን፣ የስልክ ቁጥራችንንና የክፍያውን ደረሰኝ ብቻ ነው። ከባድ ድንጋጤ ወይም ሐዘን ያለፈበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በዝምታ ሲቀመጥ ያ ያለፈው ነገር ተመልሶ ሊመጣበት እንደሚችል በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ሁሉ የሚያውቀው በመሆኑ፣ ቢያንስ አንድ ጥያቄ በቅጹ ላይ መኖር፣ ዓይንን ገልጦ መለማመድ እንደሚቻልም በመጀመሪያው ቀን መነገር ነበረበት። በስድስተኛው ሳምንት ይህንኑ ነገሩን፤ ዘግይቷል።

ስድስተኛው ሳምንት ማስታወቂያው የተነሣበት ጉዳይ፣ ማለትም «የውስጥ መሪ» የሚቀርብበት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከትንፋሹ ቆጠራ በኋላ ያስጨነቀን ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ በልብ ይነሣና ይተዋል፤ ከጥቂት ዝምታ በኋላ ሲስተር ትንሿን ቃጭል ሲያቃጭሉ መጀመሪያ የመጣው ዓረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ይጻፋል። እኔ «ሱቁን ልዝጋው ወይስ ልቆይ?» ብዬ ነበር። ቃጭሉ ሲሰማ እጄ ሳያመነታ «ባቡር ሳይቆም አትውረድ» ብሎ ጻፈ። ሰውነቴን ወረረኝ። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ መልስ ከየት መጣ ብዬ ወረቀቱን አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፣ ሱቁንም ላለመዝጋት ወሰንኩ።

ውሳኔው የቆየው ባጃጁ ቤቴ እስኪያደርሰኝ ነው። ወርጄ ሒሳብ ስከፍል ዓረፍተ ነገሩ በማን ድምፅ እንደመጣ ሰማሁት፤ የአባቴ ድምፅ ነበር። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ልጆች ሳለን ባቡሩ ጣቢያ ሲገባ ፍጥነቱን ሲቀንስ እየዘለልን እንወርድ ስለነበር ያን ቃል እየጮኸ ይከለክለን ነበር፤ በኋላ ግን ትምህርትም፣ ትዳርም፣ ሥራ መቀየርም ሲነሣ የሚመልሰው እርሱኑ ሆነ። የድሮው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መመላለሱ እየሳሳ ሲሄድ ብዙ ጓደኞቹ ሌላ ሥራ ፈለጉ፤ እርሱ ግን እስኪቆም አልወረደም፣ ባቡሩም ቆመ። በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ስለነበር፣ አባቴ ከዚራ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ፉጨቱን እንኳ አልሰማም። እኔ የውስጤ መሪ ነው ብዬ በክብር ኪሴ ውስጥ ያኖርኩት ያን የአባቴን ቃል ነው።

በሰባተኛው ሳምንት ይህን ለሲስተር ስነግራቸው «ታዲያ የማን እንዲሆን ጠብቀው ነበር?» አሉኝ። መጀመሪያ ላይ ከኃላፊነት የሸሹ መስሎኝ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን በስምንቱ ሳምንት ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ማስታወቂያው ውስጥ ተደብቆ የሚጠብቅ፣ የማይሳሳት መሪ እንዳለ አድርጎ ይናገራል። ቤቱ የሚሰጠው ከዚህ ያነሰ፣ ለእኔ ግን የበለጠ የሚጠቅም ነገር ነው፦ ውስጥ የሚናገሩት ብዙ እንደሆኑ ማየት፣ ሰዓት ወስዶም የትኛው ቃል የማን እንደሆነ መለየት። የአባቴ ቃል ለልጅ እግር እውነት ነበር፤ ለሱቅ ኪራይ እውነት መሆኑን ግን መመርመር ያለብኝ እኔ ነኝ። ይህን ለማወቅ ማስታወቂያው የተናገረው ዓይነት ተአምር አላስፈለገኝም፤ አንድ ምሽትና አንድ ብጣሽ ወረቀት በቂ ነበር።

ተስፋን የተመለከተው ትምህርት በዚያው ሳምንት እሑድ ጠዋት በሐረማያ ሐይቅ ዳር ተሰጠ። ሚኒባስ ተከራይተን፣ ትራንስፖርቱን ለብቻ ከፍለን (ይህ በማስታወቂያው ላይ አልተጻፈም)፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ፤ ግማሾቻችን ጋቢ አለመያዛችን ጸጸተን። ሲስተር በዳርቻው አስቀምጠውን፣ ይህ ሐይቅ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት እንደነበረ፣ ዛሬ ግን ውኃው እንደተመለሰ አስታወሱንና «ታግሦ ተመለሰ፤ እኛም እንዲሁ» አሉ። ቦታው ያማረ፣ ነፋሱም የሚያጠግብ ስለነበር ብዙዎች ዕንባ አቅርረው ነበር። እኔን ግን ይህ ትምህርት አላጠገበኝም። ሐይቁ የደረቀው ለጫትና ለአትክልት መስኖ በየአቅጣጫው ሞተር ስለተተከለበት፣ ከተሞችም ለመጠጥ ስለቀዱት፣ ከተራቆተው ተራራ የታጠበው አፈርም ስለሞላው ነው። ሲመለስም በትዕግሥት ብቻ አልተመለሰም፤ ሐረር የመጠጥ ውኃዋን ከሌላ ቦታ እንድታገኝ ተደረገ፣ ተዳፋቱ ላይ እርከን ተሠራ፣ በመጨረሻም ጥሩ ዝናብ ዘነበ። ዝናቡን ማንም አላዘዘውም፤ የቀረውን ግን ሰው በአካፋና በስምምነት ሠርቶታል። ሐይቁን ለተስፋ ምሳሌ ያደረገ ሰው ይህን ግማሽ ታሪክ ቢጨምርበት ትምህርቱ የጠነከረ ይሆን ነበር። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ይህን ስናገር ሲስተር አልተቆጡም፤ እንዲያውም በሚቀጥለው ዙር እንደሚነግሩ ቃል ገቡ።

ስለ ማስታወቂያው አንድ ነገር ልጨምር። እዚያው ላይ «በሳይንስ የተረጋገጠ» ከሚል ርእስ ሥር ጭንቀት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ያስተካክላል፣ ትኩረት ይጨምራል፣ ክብደት ያስቀንሳል የሚል ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የወጣ አንድ የታወቀ የሕክምና ግምገማ 47 ሙከራዎችንና 3,515 ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ ተመስጦ ጭንቀትን፣ ድብርትንና ሕመምን በመጠኑ እንደሚያቃልል መካከለኛ ማስረጃ አግኝቷል። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ትኩረትና ስለ ክብደት ግን በቂ ማስረጃ አላገኘም፤ ከስፖርት ወይም ከመድኃኒት እንደሚበልጥም አላሳየም። እኔ ራሴ የጭንቀቴ ልክ መቀነሱን እመሰክራለሁ፤ እንቅልፌ ግን እንደነበረ ነው። ልዩነቱ፣ ሌሊት ስነቃ ድስት መቁጠሬን ትቼ ትንፋሼን እቆጥራለሁ፤ ይህም ቢሆን ጠዋት ያነሰ ድካም ይሰጣል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ 2,400 ብር ለስምንት ምሽትና ለአንድ እሑድ በዛ የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተከፈለ አይመለስም፤ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ያቋረጠ አንድ ጎረቤቴ ጠይቆ አላገኘም። ቆራጥ ላልሆነ ሰው አንዱን ምሽት በነፃ መሞከር ቢፈቀድ ጥሩ ነበር። ከባድ ድብርት ላይ ያለ ወይም ከቅርብ ጊዜ ሐዘን ያልወጣ ሰው ደግሞ ወደዚህ ቤት ከመምጣቱ በፊት ሐኪም ቢያነጋግር ይሻለዋል፤ ሲስተርም ቢጠየቁ ይህንኑ የሚሉ ይመስለኛል። ውሳኔ ከፊቱ ተደቅኖበት የሰው ምክር የበዛበት ሰው ግን ይሂድ።

ሁለተኛው ዙር በሰኔ ይጀመራል ተብሏል፤ እኔ አልተመዘገብኩም፤ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ሃያ ደቂቃ በራሴ እቀመጣለሁ። ሱቁንም አልዘጋሁትም፣ ሙሉውንም አልያዝኩትም፤ ግማሹን ለሽቶና ለሽርጥ ነጋዴ አከራይቼ የቀረውን በድስትና በብርጭቆ ብቻ ይዣለሁ፤ እህቴ አሁንም በየሳምንቱ ትደውላለች። ለመሄድ ላሰበ ሰው፣ ሽርጥ ለብሶ መምጣት ይፈቀዳል፣ የእጅ ፎጣ መያዝ ግድ ነው፤ ፍራሹ ቀጭን ስለሆነም ከቤት አንድ ትራስ ይዞ ቢመጣ፣ ቦታ ሲመርጥም ከተጣመመው ቬንትሌተር ራቅ ብሎ ወደ በረንዳው በር ቢቀመጥ ይመረጣል።